ላሊበላን ከአልጋ ላይ ማየት፦ ምናባዊ እውነታ በማስታገሻ ሕክምና

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ንግግር ማስታወቂያ እንደ ተለጠፈ አንድ የሥራ ባልደረባዬ መንገድ ላይ አስቁመው፣ «ሞርፊን እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ስለ ቪአር መነጽር መናገር ቅንጦት አይሆንም ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንዲያውም ንግግሬን የምጀምረው እርሳቸው ካቆሙበት ነው፤ ምክንያቱም መነጽሩን በትክክለኛ ቦታው ካላስቀመጥነው ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊበልጥ ይችላልና።

የማስታገሻ ሕክምና፣ በተለምዶ ፓሊየቲቭ ኬር የምንለው፣ በሽታው ሊድን በማይችልበት ጊዜም ቢሆን በሽተኛውን ከሥቃይ ለመጠበቅ የሚደረግ ክብካቤ ነው። ሲስሊ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ሲከፍቱ «ሁለንተናዊ ሕመም» የሚል አሳብ ይዘው ነበር። አካል ያማል፤ ልብ ያማል፤ ከሰው መለየት ያማል፤ መንፈስም ያማል፤ እነዚህ ተለያይተው አይታከሙም የሚል ነው። በአገራችን ይህን ሥራ በቤት ለቤት ክብካቤ ካስጀመሩት ቀዳሚዋ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ሆስፒስ ኢትዮጵያን አዲስ አበባ ላይ መሠረቱ። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ የፓሊየቲቭ ኬር መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው አለን ማለት ነው። መድኃኒቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚሠራጨው 299 ቶን ገደማ የሞርፊን አቻ መድኃኒት ውስጥ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ሞርፊን ውድ ስለሆነ አይደለም። በአፍ የሚወሰደው ፈሳሽ ሞርፊን ርካሽ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። የሚጎድለው አቅርቦቱ፣ የሚያዘው የሠለጠነ እጅ፣ ከሱስ ፍርሃት ነጻ የሆነ ባለሙያም ነው።

ስለዚህ ለባልደረባዬ የሰጠሁት መልስ አጭር ነው፤ መነጽሩ የሞርፊን ምትክ አይደለም። ምትክ ነው የሚል ሻጭ ቢመጣባችሁ በር ዝጉበት። ሆኖም ሞርፊን የማይደርስበት ሥቃይ አለ፤ ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ነው።

መጀመሪያ የመሣሪያውን አሠራር በአጭሩ ልግለጽ። ምናባዊ እውነታ ወይም ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባለው ከዓይን ፊት የሚታሰር፣ ግማሽ ኪሎ ያህል የሚመዝን መነጽር ነው። ለግራና ለቀኝ ዓይን ጥቂት የሚለያዩ ሁለት ምስሎችን በማሳየት ጥልቀት ይፈጥራል። በውስጡ ያሉት መለኪያዎች የራስን እንቅስቃሴ ስለሚከታተሉ ወደ ቀኝ ብንዞር በቀኝ ያለውን፣ ቀና ብንል ከላይ ያለውን እናያለን። ምስሉ ከራሳችን እንቅስቃሴ ትንሽ ከዘገየ ወዲያው ማቅለሽለሽ ይመጣል።

ለሕመም ማስታገሻነት ሥራ ላይ ያዋሉት በአሜሪካ ሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ሀንተር ሆፍማንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። የእሳት ቃጠሎ የደረሰባቸው ሰዎች ቁስላቸው ሲታጠብ የሚደርስባቸው ሥቃይ ከሞርፊን በላይ ነው። ለእነዚህ ሰዎች በረዶ የሞላበት ሸለቆ የሚያሳይ ዓለም ሠሩላቸው፤ ስኖውወርልድ ይባላል። ቁስሉ ሲታጠብ በሽተኛው በበረዶው ሸለቆ ውስጥ እየተንሳፈፈ የበረዶ ኳስ ይወረውራል። ሥቃዩ ቀነሰ። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ 1965 እ.ኤ.አ. መመለስ ይጠቅማል። ሜልዛክና ዎል የተባሉት ሳይንቲስቶች የሕመም መልእክት ወደ አንጎል የሚያልፈው እንዳለ ሳይሆን ሕብለ ሰረሰር ላይ እንደ በር በሚከፈትና በሚዘጋ ሥርዓት በኩል መሆኑን፣ አንጎልም ይህን በር ከላይ ሊቆጣጠረው እንደሚችል ያስረዱት በዚያ ዓመት ነበር። ሕመም ትኩረት ይፈልጋል። ትኩረቱ በሌላ ነገር ሲያዝ የሚቀረው ለሕመሙ ያንሳል። እናቶቻችን ልጃቸው እሾህ ሲወጣለት «እያት ወፏን!» የሚሉት ይህንኑ ስለሚያውቁ ነው።

በማስታገሻ ሕክምና ግን ጉዳዩ ከዚህ ይለያል። የቁስል እጥበት ያልቃል፤ የካንሰር በሽተኛ ሕመም ግን ከሰው ጋር ያድራል፣ ከሰው ጋር ይነጋል። እዚህ ላይ እኔን ይበልጥ ያስተማረኝ እ.ኤ.አ. በ2019 ኒኪና ባልደረቦቻቸው በጃፓን ያሳተሙት ጥናት ነው። በመጨረሻው ደረጃ ላይ ለነበሩ 20 የካንሰር ሕሙማን መነጽሩን አድርገው ሊሄዱበት የሚወዱትን ስፍራ እንዲመርጡ ዕድል ሰጧቸው። ከተመረጡት ስፍራዎች ውስጥ የገዛ ቤታቸውና ቀድሞ ያዩዋቸው ቦታዎች ነበሩበት። ከጉዞው በኋላ ሕመም፣ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ድብርትና ጭንቀት ቀንሰው ተገኙ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ማነጻጸሪያ ቡድን የለውም፤ ስለዚህ ከሚገባው በላይ አናጋንነው። እኔ የያዝኩት ግን አንድ ነጥብ ነው፤ ትዝታ ወዳለበት ስፍራ የሄዱት ሰዎች አይተውት ወደማያውቁት ከሄዱት ይልቅ ተጠቅመዋል። በረዶው ሸለቆ ለማንም ይሆናል። ለሚሞት ሰው ግን የራሱ ስፍራ ያስፈልገዋል።

የራሱ ስፍራ ስንል በላስታ ምን ማለት ነው? እኔ የተወለድኩት በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ነው። በዚያ አካባቢ ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ታኅሣሥ 29 ቀን የሚከበረው ልደት በላሊበላ ከሌላው ስፍራ ሁሉ ይለያል፤ በትውፊት የንጉሡም የልደት ቀን ነውና። ሰው ቀናት በእግሩ ተጉዞ ይመጣል። ጧት በቤተ ማርያም ዙሪያ ነጭ የለበሱ ካህናት ከላይ በዐለቱ ጫፍ፣ ከታችም በቅጥሩ ውስጥ ሆነው ቤዛ ኩሉ ሲዘምሩ ያየ ሰው ያንን አይረሳም። ሌላም ነገር አለ። በትውፊታችን ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት የታነጹት ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ላልቻሉ ምእመናን ነው። በመካከላቸው የሚያልፈው ወንዝ ዮርዳኖስ ይባላል፤ ጎልጎታም አለ። ኢየሩሳሌም እ.ኤ.አ. በ1187 በሳላሕ አድ-ዲን እጅ መውደቋን ከዚህ ጋር የሚያያይዙ ጸሐፊዎች አሉ፤ የታሪክ ሊቃውንት ግን በዚህ ላይ አይስማሙም፤ እኔም የታሪክ ሰው አይደለሁም። ብቻ፣ መሄድ ላልቻለ ሰው ስፍራውን ወደ እርሱ ማምጣት የሚለው አሳብ ለእኛ ከሲያትል የመጣ አዲስ ነገር አለመሆኑን ልብ በሉልኝ።

አሁን ይህን ርእስ ወደ መረጥኩበት ምክንያት ልምጣ። የእናቴ ታላቅ እህት የማሕፀን በር ካንሰር ይዟቸው አዲስ አበባ እኔ ቤት ነበሩ። ይህ በሽታ በአገራችን ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ነው፤ እንደ አብዛኞቹ ሁሉ እርሳቸውም የመጡት ዘግይተው ነው። ጨረሩም ተሰጥቶ አልቆ ነበር። ሞርፊን ነበራቸው። ዘመኑ ደግሞ ታኅሣሥ ነበር፤ አክስቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ ላሊበላ ላይ ልደትን ሳያከብሩ የቀሩት ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሆነ ይነግሩን ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ አራስ ስለነበሩ። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ ግን የሚታሰብ አልነበረም፤ ከአልጋ ወደ ወንበር መሄዱም አድካሚ ሆኖባቸው ነበር።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቀደም ባለው ዓመት ዙሪያውን ሁሉ በአንድ ጊዜ በሚቀርጽ ትንሽ ካሜራ በላሊበላ የቀረጸው ነበረው፤ መነጽሩንም አዋሰኝ። እኔም እንደ ማንኛውም ቀናተኛ ተመራማሪ በደስታ ይዤ መጣሁ። አክስቴ እምቢ አሉ።

ምክንያቱን የነገሩኝ እኅቴ ከክፍሉ ከወጣች በኋላ ነው። «ልጄ፣ እኔ እኮ ደም ይፈሰኛል። እንዲህ ሆኜ እንዴት አድርጌ ከደጁ እደርሳለሁ?» አሉኝ። ወሬ ለማቅለል «ፊልም እኮ ነው» ልላቸው ቃጣኝና ተውኩት። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ደም የሚፈሳት ሴት ወደ ውስጥ አትገባም። የማሕፀን በር ካንሰር ያለባት ሴት ደግሞ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይፈሳታል። ሽታም አለው። አክስቴ በሽታው ሳይታወቅ በፊት ጀምሮ ከማኅበራቸው ቀርተው ነበር፤ ለጎረቤትም «ጉልበቴን ያመኛል» ይሉ እንደነበር ያወቅነው ያን ቀን ነው። በሕክምና መዝገባቸው ላይ ስለ ሕመም መጠን፣ ስለ ደም ማነስ፣ ስለ ኩላሊት ተጽፏል። ይህ ግን አልተጻፈም። የጠየቃቸውም የለም፤ እኔንም ጨምሮ፤ ለሃያ ዓመታት ያህል ነርሶችን ሳስተምር ኖሬ።

ሁለት ነገር አደረግን። የመጀመሪያው ከመነጽሩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ለሽታው ሜትሮኒዳዞል ተደረገ። እዚህ ያላችሁ የጤና ተማሪዎች ይህን ጻፉት፤ በየጤና ጣቢያው የሚገኘው፣ ለአሜባ የምንሰጠው ያው ክኒን ተፈጭቶ ዱቄቱ ከዕጢ የሚመጣ ቁስል ላይ ሲደረግ፣ ቁስሉ ወደ ውስጥ ሲሆን ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ በአፍ ወይም በማሕፀን በኩል ሲሰጥ፣ ሽታውን የሚፈጥሩትን ተሕዋስያን ይገድላል። በቀናት ውስጥ በክፍሉ ውስጥ ለውጥ ነበረ። አክስቴ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎረቤት ይግባ አሉ።

ሁለተኛው፣ የንስሐ አባታቸው ተጠሩ። ጉዳዩን ሰሙ፤ መነጽሩንም ራሳቸው አድርገው ዞር ዞር ብለው ተመለከቱ። ጥቂት ዝም አሉና፣ «ይህ የቆመው ከላይ ከዐለቱ ጫፍ ነው፤ ከውጭ ነው። ከውጭ ሆኖ መሳለም መቼ ተከለከለ? ደግሞስ ሥዕል አይደለም ወይ?» አሏቸው። ጉዳዩ በዚህ አለቀ። እኔ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ብዙ ዓመት ተቀምጬአለሁ፤ እንዲህ ባለ ፍጥነት እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ውሳኔ አይቼ አላውቅም።

አክስቴ በትራስ ተደግፈው መነጽሩን አደረጉ። የታያቸው ቤተ ጊዮርጊስ ነው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ዐሥራ ሁለት ሜትር ያህል በዐለት ውስጥ የገባው ያ መስቀል። መጀመሪያ የተናገሩት፣ «ጫማዬን አውልቂልኝ እንጂ!» የሚል ነው። በእግራቸው የነበረው የሹራብ ካልሲ ነበር፤ አወለቅሁላቸው። ከዚያ አማተቡና ጸለዩ። ቀጥለን የልደቱን ቀረጻ አሳየናቸው። አንዳንዱን ካህን በስም ያውቁት ነበር፤ «እገሌ አረጀ!» አሉ። አለቀሱም። ሁሉም በአንድነት ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ነው።

ሕመማቸውን የምንለካው በእጅ ነበር። ይህ በአፍሪካ የፓሊየቲቭ ኬር ማኅበር መለኪያ የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ የተጨበጠ እጅ ማለት ምንም የለም፣ አምስት ጣት ማለት ከዚህ የከፋ የለም ማለት ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ከመነጽሩ በፊት አራት ጣት አሳዩኝ። ወዲያው ካወለቁ በኋላ ሁለት። ከአንድ ሰዓት በኋላ አራት፤ የሞርፊኑም ሰዓት ደርሶ ነበርና ወሰዱ። ይህን የምነግራችሁ ሳልሸሽግ ነው፤ በሕመሙ ላይ ያመጣው ለውጥ አንድ ሰዓት አልሞላም። ያን ሌሊት ግን ተኝተው አደሩ፤ በማግሥቱም መጀመሪያ የጠየቁት ስለ መነጽሩ ሳይሆን፣ ከማኅበራቸው የቀሩት ሴቶች ስልክ እንዲደወልላቸው ነው። ደወልን። በስልክ ረጅም ጊዜ አወሩ፤ ስለ ደሙም ነገሯቸው። ይህን ለመነጽሩ ልስጠው፣ ለሜትሮኒዳዞሉ ልስጠው፣ ወይስ ለንስሐ አባታቸው? አንድ ሰው ጥናት አይሆንም። ለሦስቱም እንደሚገባቸው ግን አምናለሁ፤ ቅደም ተከተሉም እንዲያ ነበር፤ መጀመሪያ ሽታው፣ ቀጥሎ ፈቃዱ፣ መነጽሩ በመጨረሻ።

መነጽሩን ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ተጠቅመንበታል። አንድ ቀን አቅለሸለሻቸውና ወዲያው አወለቅነው። ስሕተቱ የእኛ ነበር። ቀረጻው የተነሣው በቆመ ሰው ቁመት ነው፤ እርሳቸው ግን ያን ቀን ተጋድመው ነበር። አካል ተኝቻለሁ ይላል፤ ዓይን ቆሜአለሁ ይላል፤ ሁለቱ ሲጣሉ ሆድ ይናጣል። ስለዚህ ለሕሙማን የሚቀረጽ ሁሉ በተቀመጠ ሰው ቁመት፣ ካሜራው ሳይንቀሳቀስ መቀረጽ አለበት። በሽተኛው በመነጽሩ ውስጥ ከተራመደ፣ ሰውነቱ ሳይራመድ፣ ማቅለሽለሹ ይብሳል። የሚጥል በሽታ ላለበት፣ ዕጢው ወደ አንጎል ለተዛመተበት፣ ለሚቃዥ ሰው፣ ፊቱ ላይ ቁስል ላለበትም አይሰጥም። ከዐሥር ወይም ከዐሥራ አምስት ደቂቃ አይለፍ። ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ፊት የሚነካው ክፍል ይጸዳ። ከሁሉ በላይ ግን በሽተኛው መነጽሩን አድርጎ ብቻውን አይተው፤ አጠገቡ እጁን የሚይዝ ሰው ይኑር። አክስቴ በሁለተኛው ቀን «ሰው አየሁ፤ የሚያናግረኝ ግን የለም» ብለውኛል። የዕጣኑም ሽታ እንደጎደለባቸው ተናገሩ፤ እርሱ ግን ቀላል ነበር፤ ከሰል አቀጣጠልን።

አሁን የፈቃዱን ጉዳይ ከቤተሰብ አውጥተን ሰፋ አድርገን እንየው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት፣ በፕሮፌሰር ሃይንዝ ሩተር መሪነት፣ በሌዘር እየለካ በሦስት አቅጣጫ አምሳያ ሠርቶላቸዋል። ሥራው የተሠራው ለቅርስ ጥበቃ ነው፤ ዐለቱ የት እንደ ተሰነጠቀ፣ የት እንደሚያሰጋ ለማወቅ ይረዳል። ነገር ግን እንዲህ ያለ አምሳያ ካለ በመነጽር ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ በመነጽር ውስጥ ደግሞ የተዘጋ በር የለም። ቤተ ጎልጎታ ሴቶች የማይገቡበት ነው። መቅደስ ከካህናት በቀር ማንም አይገባበትም። ኮምፒዩተሩ ይህን አያውቅም። ለአንዲት በሽተኛ በደግነት «የት ልውሰድሽ?» ብለን፣ በሕይወቷ ሁሉ ያከበረችውን ወሰን በመጨረሻው ሳምንቷ ብናስጥሳት ሥቃይ አስታገስን ማለት አንችልም፤ የጨመርንላት ጭንቀት ነው። ስለዚህ የትኛው ስፍራ እንደሚቀረጽ፣ ከየት ቆሞ እንደሚታይ የሚወስኑት የደብሩ አባቶች ሊሆኑ ይገባል እላለሁ። መሐንዲሶቻችን ይህን እንደ እንቅፋት ባያዩት መልካም ነው። ለሙስሊም ሕሙማንም፣ ለሌሎችም፣ ጥያቄው በየራሳቸው አባቶችና ሽማግሌዎች ዘንድ እንዲሁ መጠየቅ ይኖርበታል።

እስከ አሁን የተናገርኩት አዲስ አበባ ስለነበረች በሽተኛ ነው። በላስታ ገጠር ያለችውስ? ጉዳዩ እዚያ ይከብዳል። ለላሊበላ የግማሽ ቀን መንገድ የቀራት፣ ጠፍ ያለ መንደር ውስጥ የተኛች ሴት፣ ለቤተ ጊዮርጊስ ከአዲስ አበባዋ በሽተኛ አትቀርብም፤ በቃሬዛ የሚያወርዳት ሰው ከሌለ ሩቅ ናት። የምትጎበኛት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት፤ በአገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ ናቸው፤ ሞርፊን መስጠት ግን አይፈቀድላቸውም። አካባቢው ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በጦርነት ውስጥ አልፏል፤ የጤና ተቋማት ተጎድተዋል፤ ላሊበላ ራሷ ለወራት ያለ መብራት ቆይታለች፤ ከዚያም በኋላ ሰላሙ አልጸናም። ለዚህች ሴት መነጽር እንስጣት ብል ባልደረባዬ በትክክል ይቆጡኛል።

እኔ የምጠይቀው ይህን ነው። በላሊበላ ሆስፒታል ፈሳሽ ሞርፊን ሳይቋረጥ ይኑር፤ ከእርሱም ጋር የድርቀት መከላከያው፣ ሞርፊን ያለ እርሱ አይሰጥምና። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሜትሮኒዳዞሉን ነገር፣ የእጁን መለኪያ፣ «ከማኅበር ቀርተሻል ወይ?» የሚለውን አንድ ጥያቄም ይማሩ። የሆስፒታሉ አንዲት ነርስ፣ አንድ መነጽር፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ አንድ ባትሪ ይኑራት፤ ቀረጻው መነጽሩ ውስጥ ስለሚቀመጥ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። የእኛ ፋኩልቲ ድርሻ ደግሞ ቀረጻውን ከአባቶች ጋር ተነጋግሮ በተቀመጠ ሰው ቁመት ማዘጋጀትና ውጤቱን በአግባቡ ማጥናት ነው። ልደት ብቻ አይቀረጽ። የቢልባላ ገበያ ይቀረጽ፤ በመስከረም የአቡነ ዮሴፍ ተዳፋት ይቀረጽ፤ የገብስ አውድማም ይቀረጽ። አክስቴ በመጨረሻው ጊዜ የጠየቁኝ ቤተ ጊዮርጊስን አልነበረም፤ የገዛ ቤታቸውን ደጃፍ ነበር፤ እርሱ ግን አልተቀረጸም። ያረፉት በሚያዝያ ነው፤ የተቀበሩትም እዚያው መንደራቸው ነው።

መነጽሩን መሞከር ለምትፈልጉ ከመድረኩ በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት አዘጋጅተናል። እባካችሁ ተቀምጣችሁ ተመልከቱ፤ የሚያዞረው ሰው ካለ ወዲያው ያውልቅ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።